ተፈታቶ የሚገጠም የዳንስ ወለል ለሦስት ቀን የጃዝ በዓል

የየካቲት መጨረሻ፦ ቦታውና ልኩ

በዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ የምንገኝ የስዊንግ ዳንስ ወዳጆች በሜሞሪያል ዴይ (አሜሪካ የወደቁ ወታደሮቿን በምታስብበት በዓል) ረጅም የዕረፍት ቀናት፣ ማለትም ከግንቦት 16 እስከ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን ጃዝ የሚጫወቱ ባንዶች ጋብዘን ሦስት ቀን የሚደነስበት በዓል እያዘጋጀን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የታሪክ ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የሁለተኛው መድረክ ወለል ነው። ዋናው አዳራሽ የራሱ የእንጨት ወለል ስላለው አያሳስብም፤ ሁለተኛው መድረክ ግን ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ በድንኳን ሥር ስለሚሆን ከአስፋልቱ በላይ ወለል መዘርጋት ግድ ይላል።

በስብሰባው ላይ አስፋልቱ ላይ እንዲሁ ይደነስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አጥብቄ ተቃወምሁት። ዋናው የስዊንግ ዳንስ የሆነው የሊንዲ ሆፕ መሠረት ስዊንግ አውት የሚባለው እንቅስቃሴ ሲሆን ጥንዶቹ ተቀራርበው አብረው ይዞሩና አንደኛው እጁን ሳይለቅ ሌላኛውን ወደ ውጭ ይሰደዋል። በዚያ ዙር ላይ የጫማው ሶል ካልተንሸራተተ ሰውነት ዞሮ እግር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጥምዘዛው የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። የጥንት ጃዝ ወዳጆች ደግሞ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሊደንሱ የሚመጡትን ወጣቶችና አንድ ዘፈን ደንሰው ሁለት ዘፈን የሚያርፉትን አዛውንቶች በአንድ ላይ የሚሸከም ወለል ካልሠራን፣ ጥሩ ባንድ መጋበዛችን ብቻውን በዓል አይሆንም። ከበዓሉ በጀት ከፖስተርና ከመብራት በፊት ለወለሉ እንዲመደብ የጠየቅሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለሠርግ የሚከራየውን፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፈውን የፕላስቲክና የላሚኔት ወለል ዋጋ ጠየቅን። ለሦስት ቀን ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር፤ የሚቀመጠውም በቀጥታ አስፋልቱ ላይ ስለሆነ ለእግር ምንም ዓይነት ምላሽ አይሰጥም። በዚያ ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምረን የራሳችንን ብንሠራ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይቀመጣል በሚል ተስማማን።

ልኩ እንዲህ ነው። አንድ ጥንድ ሳይጋጭ ለመደነስ 1.8 ሜትር በ1.8 ሜትር ይበቃዋል ብለን ተነሣን። ባለ 1.22 በ2.44 ኮምፔንሳቶ 32 ቅጠል ቢደረደር 9.75 ሜትር በ9.75 ሜትር፣ ማለትም 95 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ 28 ጥንድ ያህል ያስደንሳል። ድንኳኑም ከዚህ በላይ አያስተናግድም።

ከዚያ በኋላ በሌዘር ውሃ ልክ አስፋልቱን ለካሁ። የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ዝናብ እንዲወርድበት ተዳፋት ተደርጎ ነው የሚሠራው። በመጀመሪያ የታሰበው ጥግ ከዳር እስከ ዳር ወደ 15 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል ያለው ጥግ ግን 8 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ድንኳኑ ወደዚያ እንዲዛወር አስደረግሁ። ስምንት ሳንቲሜትር ለሚራመድ ሰው አይታወቅም። በዳንስ ግን ጥንዶች በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ወደ ታች እየተንሸራተቱ፣ ከጥቂት ዘፈኖች በኋላ ሁሉም በአንድ ዳር ይከማቻሉ። ስለዚህ ከሥር ገብቶ ወለሉን የሚሸከመው ረጅም እንጨት፣ ሞራሌው፣ እየቀጠነ የሚሄድ ሆኖ መሰንጠቅ አለበት።

የመጋቢት መጀመሪያ፦ የድሮ ወለሎችን ማየት

ንድፍ ከመጀመሬ በፊት በሜሪላንድ ግሌን ኤኮ ፓርክ ወደሚገኘው ስፓኒሽ ቦልሩም ሄጄ እስኪዘጋ ደነስሁ። አዳራሹ በ1933 የተሠራ ሲሆን ወለሉ 700 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እስከ ዛሬም የስዊንግ ዳንስ ይደረግበታል። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ቆሜም ነበር፤ ሌላው ሰው ሲደንስ ምቱ በውስጥ እግር ይሰማል። የምፈልገው ይህን ነው፤ ሲረገጥ በትንሹ የሚገባ፣ ወዲያውም የሚመለስ ወለል።

ስለዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ግሌን ኤኮ በዚያን ጊዜ የግል የመዝናኛ ፓርክ ነበረና ለአሥርተ ዓመታት ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። በ1960 ክረምት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች በሩ ላይ ተቃውሞ አካሄዱ፤ ፓርኩ ለሁሉም የተከፈተው በ1961 ነው። ሊንዲ ሆፕን የፈጠሩት በኒው ዮርክ ከተማ የሃርለም ሰፈር ጥቁር ወጣቶች ሆነው ሳለ፣ ይህን ወለል እነርሱን የሚመስል ሰው እንዳይረግጠው ተከልክሎ ነበር። የእኛ ድንኳን በአራቱም ጎን ክፍት ይሁን፣ የሁለተኛው መድረክ መግቢያም ያለ ክፍያ ይሁን ስል የተከራከርሁት ይህን እያሰብሁ ነው። ተቀባይነትም አግኝቷል።

የሃርለሙ ሳቮይ ቦልሩም ከዚህ የተለየ ነበር። በማርች 1926 ሌኖክስ አቬኑ ላይ በ140ኛውና በ141ኛው መንገድ መካከል ሲከፈት ጥቁርም ነጭም በአንድ ወለል ላይ ይደንስ ነበር። ሁለት የባንድ መድረክ ጎን ለጎን ስለነበረው አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ወለሉ አያርፍም። ከብዙ ዳንስ የተነሣ እንጨቱ እያለቀ በየሦስት ዓመቱ ይቀየር እንደነበር ይነገራል። በሜይ 1937 ቺክ ዌብና ቤኒ ጉድማን ባንዶቻቸውን ይዘው የተፎካከሩትም እዚያ ነው። ሊንዲ ሆፕ ያደገበትን ወለል ሳስብ፣ ዳንሱና ወለሉ አብረው የተሠሩ ሆነው ይታዩኛል። ሳቮይ በ1958 ተዘግቶ ፈርሷል፤ ወለሉን ሄዶ መለካት አይቻልም።

የመጋቢት አጋማሽ፦ የመጀመሪያው ናሙና

ሥራውን የምንሠራው በሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ በሚገኝ የአንድ ኢትዮጵያዊ አናጺ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። አዲስ አበባ ሳሉም በዚሁ ሙያ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቦታውንና ትልቁን መጋዝ በነጻ ፈቀዱልን፤ ስለ ዕቃ አያያዝ ግን ምንም አያልፉም።

ንድፉ ሦስት ክፍል አለው። ከሥር እየቀጠነ የሚሄድ ሞራሌ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይደረደራል። በሞራሌው ላይ ባለ 12 ሚሊሜትር የጥድ ኮምፔንሳቶ ይቀመጣል፤ በሆዱ ላይ 7.5 ሳንቲሜትር በ7.5 ሳንቲሜትር የሆኑ የፎም ቁራጮች በኮላ ተለጥፈውበታል። ከዚያ በላይ ባለ 12 ሚሊሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ ከታችኛው ጋር ተሻግሮ ይጋደምና በአጭር ብሎን ይታሰራል። የላይኛውና የታችኛው መገጣጠሚያ በአንድ መስመር እንዳይውል በግማሽ ቅጠል ይዛነፋል፤ እንደዚያ ካልሆነ ወለሉ መገጣጠሚያው ላይ ይታጠፋል። ለአንድ ቅጠል 32 ቁራጭ ፎም ስለሚያስፈልግ በድምሩ ከ1,000 በላይ ቁራጭ መቆረጥ አለበት።

ለናሙናው ሁለት ሜትር ተኩል ካሬ ገደማ ሠርተን ከሥሩ የወንበር ስፖንጅ አደረግንበት። ርካሽ ነው፣ በእጅም ሲጫኑት ደስ ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወጡበትና የጉራጌ ጭፈራ እግር አወጡበት፤ ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ፣ በተረከዝ ሳይሆን በሙሉ እግር እየደበደቡ። ከዚያም ቆመው፣ «ልጄ፣ ይኼ አይመልስም፤ ይውጣል እንጂ» አሉኝ።

ነገሩን በስልኬ የንዝረት መለኪያ አረጋገጥሁት። አንድ ሰው መሐል ላይ ሲዘል ናሙናው በሴኮንድ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይወዛወዛል። ይህ ለእኛ በጣም መጥፎ ቁጥር ነው። ለሊንዲ ሆፕ የሚመቸው ሙዚቃ በደቂቃ ከ130 እስከ 180 ምት ሲሆን ፈጣኑ ከ200 ይበልጣል፤ 200 ምት ማለት በሴኮንድ 3.3 ምት ነው። ወለሉ በራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት ከሙዚቃው ምት ጋር ከተገጣጠመ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ያለፈውን እርምጃ ያጎላዋል፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ምት ሲረግጥ ደግሞ ወለሉ ራሱ መደነስ ይጀምራል። የባንዱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ቱባና ባንጆ ያላቸው የ1920ዎቹ ዘይቤ ባንዶች ክብደቱን በአራት ምት ውስጥ አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ያሳርፉታል፤ የ1930ዎቹ ስዊንግ ባስ ግን አራቱንም እኩል ስለሚረግጥ ዳንሰኛው በእያንዳንዱ ምት ወደ መሬት ይጫናል።

ስፖንጁን አንሥተን ለጂም ምንጣፍ የሚውለውን ጠጣር ፎም በ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ሞከርን። ውዝዋዜው በሴኮንድ ከ7 በላይ ሆነ። ይህ ከማንኛውም የዳንስ ሙዚቃ በላይ ስለሆነ ከምቱ ጋር አይጋጭም፤ ሲረገጥ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም ጉልበት ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል። ጋሼ እንደገና ወጡበት፤ አስተያየት አልሰጡም፤ የሚቀጥለውን ቅጠል ግን ራሳቸው ተሸክመው አመጡ።

የሚያዝያ መጀመሪያ፦ ቆረጣና ሞራሌ

ፎሙን በሹል ቢላና በብረት ማስመሪያ ቆረጥነው። በመጋዝ ሲቆረጥ ዳሩ ይቀልጥና ይጠነክራል፣ ኮላም አይዘውም። ኮላውን ከቀባን በኋላ በላዩ ላይ ቅጠሎቹን ደራርበን አሳደርናቸው፤ የራሳቸው ክብደት መጫኛ ሆነላቸው።

እየቀጠነ የሚሄደው ሞራሌ ብዙ ጊዜ ወሰደ። እያንዳንዱ መስመር አራት ቁራጭ አለው፤ የመጀመሪያው ከምንም ተነሥቶ 2 ሳንቲሜትር ላይ ያበቃል፣ ሁለተኛው ከ2 ወደ 4 ይሄዳል፣ እንደዚያ እያለ እስከ 8 ይደርሳል። ለመሰንጠቂያው ከኮምፔንሳቶ ቁርጥራጭ መምሪያ ሠርተን ሞራሌውን አስረን በጠረጴዛ መጋዝ አሳለፍነው። ከዜሮ የሚጀምረው ቁራጭ ጫፉ እየተሰነጠቀ አስቸገረን፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን 40 ሳንቲሜትር ትተን በዚያ ቦታ ቀጫጭን የፕላስቲክ ሽብልቅ እንዲገባ ወሰንን። ቁራጮቹ እንዳይደባለቁ አራቱን ደረጃዎች በአራት ቀለም ቀባናቸው። ይህ ቀላል ውሳኔ በኋላ ከሁሉ የበለጠ ጠቅሞናል፤ ለመርዳት የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ስለ እንጨት ሥራ ባያውቁም ቀለም ተከትለው መደርደር ይችላሉ።

በሰሙነ ሕማማት የእንጨት ሥራ ቤቱ ተዘጋ። እኔም ያን ሳምንት የብሎንና የኮላ ግዢ አጠናቀቅሁበት።

የሚያዝያ አጋማሽ፦ ቫርኒሽና ሸርተቴ

ከፋሲካ በኋላ የበርች ቅጠሎቹን መጀመሪያ በ120፣ ቀጥሎ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናቸው። ስንሠራ የዱክ ኤሊንግተንን ሙዚቃ ከፍተን ነበር። ኤሊንግተን የዚሁ የዋሺንግተን ልጅ ነው፤ በ1899 እዚህ ተወለደ፣ በ1973 ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሜዳሊያ ተቀብሏል። ጋሼ ያን ጊዜ ወጣት አናጺ ነበሩ፤ ወሬውን በሬዲዮ መስማታቸውን አጫወቱኝ።

የቫርኒሽ ምርጫ የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ወለል ላይ የሚደነሱት ዳንሶች የሚፈልጉት አንድ አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ባልቦአ ባሕረ ገብ መሬት የተወለደው ባልቦአ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ደረት ለደረት ተጠጋግቶ የሚደነስ ስለሆነ፣ እግር ከመሬት ብዙም ሳይነሣ ይንሸራተታል፤ ዳንሰኞቹ ሸርተት የሚል ወለል ይወዳሉ። ሊንዲ ሆፕ የሚደንሰው ሰው ግን በስዊንግ አውቱ መጨረሻ ላይ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ እግሩን ስለሚተክል የሚይዘው ነገር ይሻል። ቻርልስተን የሚረግጥ ደግሞ በእግር ጣቱ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይጠመዝዛል።

በግምት ከመወሰን ለመለካት መረጥሁ። አንድ ጫማ ወስጄ ጠቅላላ ክብደቱ 5 ኪሎ እስኪሆን አሸዋ ሞላሁበት፤ ከዚያም በሻንጣ መመዘኛ ሚዛን አግድም ጎተትሁትና መንቀሳቀስ ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየውን ጻፍሁ። ቁጥሩ ካነሰ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ከበዛ ይይዛል። ብሩህ ቫርኒሽ በተቀባው ቁራጭ ላይ የቆዳ ሶል በደረቅ ቀን በ1.4 ኪሎ ተነቃነቀ፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ተከፍቶ ዝናባማ አየር ሲገባ ግን በ2.5 ሆነ። የጎማ ስኒከር ከ4 በላይ ጠየቀ። ከፊል ደብዛዛ የሆነውና በውሃ የሚቀጥነው ፖሊዩሬቴን በተቀባው ቁራጭ ላይ የቆዳ ሶል 1.6፣ የሱዊድ (ፊቱ ሻካራ የሆነ ቆዳ) ሶል 2 ገደማ፣ ስኒከር ደግሞ 3.5 አካባቢ አሳየ፤ እርጥበት ሲመጣም ያን ያህል አልተለወጠም። ሁለተኛውን መረጥን። የምሽት አየር በግንቦት ወር ዲሲ ውስጥ እርጥብ ስለሆነ፣ በቀን ጥሩ ሆኖ በማታ ጫማ የሚይዝ ወለል አይጠቅመንም።

ሦስት ጊዜ ቀባነው። በየመሐሉ በ220 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርገን አሸነው፤ የመጨረሻውን ንብርብር ደግሞ በመጥረጊያ ጨርቅ ብቻ አለፍነው። የቅጠሎቹን ዳርና ሆድም ቀባን። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ቀብቶ ይተዋል፤ ኮምፔንሳቶ ግን ውሃ የሚጠጣው ከዳሩ ነው።

የግንቦት መጀመሪያ፦ የሙከራ ገጠማ

በእንጨት ሥራ ቤቱ ጓሮ ሩቡን ያህል ገጥመን ሸራ ወጥረንበት አሳደርነው። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስናየው ፊቱ ደረቅ ነው፤ ከዳር በኩል ግን ውሃ በአስፋልቱ ላይ ወርዶ የሞራሌውን ሥር አርሶታል፣ ሁለት ቅጠሎችም በመገጣጠሚያቸው ላይ እርስ በርስ ተገፋፍተው ትንሽ ተነሥተዋል። መፍትሔው በቅጠሎቹ መካከል 3 ሚሊሜትር ክፍተት መተው ነው፤ እንጨት ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። ክፍተቱ እኩል እንዲሆን አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው የብረት ሮንዴላዎች ጣል እያደረግን ገጠምን፣ በኋላም አወጣናቸው። የሞራሌውም አቀማመጥ ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ እንዲሆን ተደረገ፤ በአግድም ቢሆን ውሃውን እንደ ግድብ ይይዘው ነበር።

ከውሃው ይልቅ ያሳሰበኝ ድምፁ ነበር። ሞራሌው ከፍ በሚልበት በታችኛው ዳር በኩል ከወለሉ ሥር 8 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ ስላለ፣ እዚያ የሚረገጠው ሁሉ ከበሮ ሆኖ ይጮኻል። ከባንድ ጓደኞቻችን አንዱ ስኔር ከበሮውን ይዞ መጥቶ በብሩሽ መጫወት ሲጀምር፣ አራት ጥንድ ዳንሰኞች ብቻ ሙዚቃውን ሸፈኑት። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ብሩሽ ማለት ዳንሰኛው የሚከተለው ነገር ነው፤ እርሱ ካልተሰማ ሰው እርስ በርሱ እግር እያዳመጠ ይደንሳል።

መጀመሪያ ዳሩን በጣውላ ዘጋነው፤ ድምፁ ይበልጥ ወፈረ። ቀጥሎ ባዶውን ቦታ የቤት ዕቃ አጓጓዦች በሚጠቀሙበት አሮጌ ብርድ ልብስና በምንጣፍ ቁርጥራጭ ሞላነው፤ ከላይ ያለውን ኮምፔንሳቶ እንዳይነካ ግን ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተውንለት፤ ከነካ ፎሙን ያፍነዋል። አሁን የሚቀረው ደረቅ የእንጨት ድምፅ ነው፤ ሙዚቃው በላዩ ላይ ይሰማል። ብርድ ልብሶቹን ከሚያውቁን አጓጓዦች በነጻ አገኘን።

ሌላ ውሳኔም እዚሁ ተወሰደ። ባንዱ የሚቆምበት መድረክ ከዳንስ ወለሉ ተለይቶ በራሱ እግር ይቆማል። ከተያያዘ የዳንሰኛው እርምጃ በማይክሮፎኑ መቆሚያ በኩል ወደ ድምፅ ማጉያው ይገባል፣ ሲምባሎቹም ሳይመቱ ይንቀጠቀጣሉ።

የበዓሉ ዋዜማ፦ ገጠማ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በተከራየነው መኪና አጓጓዝነው። አንድ የ12 ሚሊ ቅጠል 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለት ሰው በቀላሉ ይሸከመዋል። ለገጠማው መነሻ ያደረግነው ከፍተኛውን ጥግ ነው፤ ሲባጎ ወጥረን፣ ሞራሌውን በቀለሙ ደርድረን፣ በየመስመሩ ውሃ ልኩን እያስቀመጥን ሽብልቅ አስገባን። የላይኛውን ቅጠል የሚያስረው ብሎን 20 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ ከረዘመ የታችኛውን ቅጠል አልፎ ይወጣል። ራሱ ከእንጨቱ ፊት ትንሽ ገባ እንዲል ቀዳዳውን አስቀድመን አስፍተናል፤ በሱዊድ ሶል የሚንሸራተት ሰው የወጣ ብሎን ቢያገኝ ጫማው ይቀደዳል፣ ራሱም ይወድቃል። ዳሩን ዙሪያውን በቢጫ ጥብጣብ ምልክት አደረግን፣ ከአስፋልቱ የሚወጣበትንም ተዳፋት አጠገቡ ሠራን፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ታዳሚዎች ስላሉ ይህ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ ነበር።

መግቢያዎቹ ላይ ወፍራም የእግር መጥረጊያ ተዘረጋ። አንድ የአስፋልት ጠጠር በጫማ ሥር ከገባ ቫርኒሹን በአንድ ዙር ይፍቀዋል።

ቅዳሜ

ወለሉ ከጠዋቱ ጀምሮ ሞላ። ሰው በእኩል አይሰራጭም፤ ሁሉም ከባንዱ ፊት ይከማቻል፣ ጥሩ ዳንሰኞችም እዚያው ናቸው። ከሰዓት በኋላ በባንዱ በስተቀኝ ያለው ጥግ ላይ ብሎኖች ላሉ፤ አንድ ዳርም በጥፍር ውፍረት ያህል ተነሣ። ባንዱ ሲያርፍ ከሞተር ካቻቪቴ ጋር ገብተን አጠበቅነው፣ በዚያ መስመር ላይም ብሎኑን በእጥፍ ጨመርን። ከዚያ በኋላ በየዕረፍቱ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ መገጣጠሚያዎቹን በእግሩ እየዳሰሰ እንዲያልፍ ተመደበ፤ ዓይን የማያየውን ካልሲ ያገኘዋል።

አንድ ታዳሚ ወለሉ ላይ ዱቄት ሊነሰንስ ሲል ደረስሁበት። ልማዱ የቆየ ነው። አንዱ ቦታ ላይ የተነሰነሰ ዱቄት ግን በሰው ጫማ እየተወሰደ ወለሉን ጉራማይሌ ያደርገዋል፤ አንድ እርምጃ ያንሸራትታል፣ ቀጣዩ ይይዛል። በትሕትና ከልክዬ፣ ጫማው ከሚገባው በላይ የሚይዝበት ከሆነ ሶሉ ላይ የሚለጠፍ ሱዊድ ከመረጃ ጠረጴዛው እንዲወስድ አደረግሁ።

እሑድ

ጠዋት ወለሉ ላይ ጤዛ ነበር። በደረቅ መወልወያ አድርቀን ሁለት ትልልቅ ቬንቲሌተር ለአንድ ሰዓት ያህል ተውንበት፤ ከዚያ የአሸዋ ጫማውን ጎተትሁት፣ ቁጥሩ ወደ 1.6 ተመልሷል። ዕለቱ የባልቦአ ትምህርት ያለበት ስለነበር ይህን ሳላረጋግጥ መክፈት አልፈለግሁም። አስተማሪዎቹ ወለሉን ወደዱት። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ለረጅም ጊዜ ሲደንሱ አየኋቸውና ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ዋናው አዳራሽ ውስጥ ካለው ይልቅ ይህኛው እንደተመቻቸው ነገሩኝ። ለሥራው የወጣው ድካም ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተካሰልኝ።

በአየር ላይ የሚደረጉ ዝላዮች በማኅበራዊው ዳንስ ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ለትርኢት ብቻ ተፈቅደዋል። ሲያርፉ ሁለት ሰው የሚመዝን ክብደት በአንድ ሰው እግር ሥር ስለሚወድቅ፣ ትርኢቱ መገጣጠሚያ በሌለበት መሐል ላይ እንዲሆን ቦታውን በጠመኔ አሰመርሁላቸው። ወለሉ ምንም አልሆነም።

ሰኞ

የዘንድሮው ሜሞሪያል ዴይ የዋለው በሜይ 26 ነው፤ ይህ ቀን የፍራንኪ ማኒንግ ልደት በመሆኑ የዓለም የሊንዲ ሆፕ ቀን ተብሎ ይከበራል። ማኒንግ በ1914 ጃክሰንቪል ፍሎሪዳ ተወልዶ ሃርለም አደገ፤ በ1935 ሳቮይ ውስጥ ጓደኛውን ፍሪዳ ዋሺንግተንን በጀርባው አሳልፎ የመጀመሪያውን የአየር ዝላይ ሠራ። የስዊንግ ዘመን ሲያልፍ ለዓመታት በፖስታ ቤት ሠራ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና በ2009 እስኪያርፍ ድረስ በየአገሩ እየዞረ አስተማረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚደነሰው ሊንዲ ሆፕ በአብዛኛው በእርሱ እጅ ያለፈ ነው።

ልደቱ የሚከበረው በሺም ሻም ነው። ሺም ሻም ከታፕ ዳንስ የመጣ፣ ሁሉም ሰው በመስመር ቆሞ አንድ ዓይነት እርምጃ በአንድ ምት የሚረግጥበት ዳንስ ነው፤ በዛሬዎቹ የስዊንግ በዓላት ላይ በብዛት የሚታየው የማኒንግ አቀራረብ ነው። ለወለል ግን ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። በሌላው ጊዜ የሃምሳ ሰው እርምጃ በየአቅጣጫው ስለሚበታተን እርስ በርሱ ይሻራል፤ በሺም ሻም ሁሉም በአንድነት ይወርዳል። ለዚህ ነበር ስፖንጁን የጣልነው። ስልኬን ከወለሉ ጥግ ላይ አስቀምጬ ንዝረቱን ቀዳሁት፤ ሰዉም ከ28 ጥንድ በላይ ነበር፣ ዳር ድረስ ሞልቶ። ወለሉ በምቱ ልክ ገባ፣ ተመለሰ፤ ከምት ወደ ምት እየጨመረ የሚሄድ ውዝዋዜ አልታየም። ጋሼ ከድንኳኑ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ወለሉን እንጂ ሰዉን አያዩም ነበር። ሲያበቃ ተነሥተው፣ «አሁን ይመልሳል» አሉኝ።

ከዚያ ሰዉ ክብ ሠራና ጥንዶች ተራ በተራ መሐል እየገቡ ደነሱ። ክቡ ላይ የቆመው ሰው ስለሚጠጋጋ የወለሉ ክብደት ቀለበት ሆኖ ይከማቻል፤ የታችኛው ዳር ላይ ያሉ ሁለት ሞራሌዎች ሽብልቃቸው ተንሸራቶ መጠነኛ እንቅጥቅጥ ተሰማ። ከባንዱ ዕረፍት በፊት የሚነካ ስላልነበረ እዚያው ላይ አንድ በጎ ፈቃደኛ አቁመን ሰው እንዳይረግጠው አደረግን።

ከበዓሉ በኋላ፦ ማፍረስ፣ ወጪና ቀጣይ ሥራ

ማፍረሱ ከገጠማው በግማሽ ጊዜ አለቀ። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት፣ በመሐላቸው ካርቶን ገብቶ፣ ተጋድመው ተቀመጡ፤ አቁሞ ማስደገፍ ኮምፔንሳቶን ያጣምማል። ከፎም ቁራጮቹ የለቀቁት ጥቂት ናቸው።

ጠቅላላ ወጪው ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋል። የበርች ኮምፔንሳቶ 1,760፣ የጥዱ 960፣ ሞራሌ 600፣ ቫርኒሽ 520፣ ፎም 350፣ የመኪና ኪራይ 300፣ ሸራ፣ ሽብልቅና ጥብጣብ 200፣ ብሎንና ኮላ 180፣ ብርጭቆ ወረቀት 90። የሰው ጉልበት በነጻ ነው። ለሁለት ዓመት ኪራይ ከሚወጣው ያንሳል።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚሠራው ተለይቷል። ሽብልቆቹ እንዳይንሸራተቱ ከሞራሌው ጋር በብሎን መታሰር አለባቸው፤ ለዚህ ከፕላስቲክ ይልቅ የእንጨት ሽብልቅ ይሻላል። ከባንዱ ፊት ያሉት ስምንት ቅጠሎች ቫርኒሻቸው ስለሳሳ በመጪው መስከረም ታሽተው እንደገና ሁለት ጊዜ ይቀባሉ። ለተደጋጋሚ መፍታትና ማሰር የታችኛው ኮምፔንሳቶ ቀዳዳ ስለሚሰፋ፣ በመገጣጠሚያ መስመሮቹ ላይ ብቻ የብረት ጥርስ ያለው ማሰሪያ ከሥር እንዲገባ ሁለት ናሙና እየሞከርን ነው። የበዓሉ ቦታ ከተቀየረ ሞራሌው ለአዲሱ ተዳፋት እንደገና መሰንጠቅ ስለሚኖርበት፣ መምሪያውን ከነልኩ በእንጨት ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።